ኤስኩዌላ ኑኤቫ፦ አንድ መምህር አምስት ክፍል የሚያስተምርበት የኮሎምቢያ ዘዴ

ኤስኩዌላ ኑኤቫ በኮሎምቢያ ገጠር ተወልዶ ወደ ብዙ አገሮች የተሻገረ የማስተማር ዘዴ ነው። የተነሳው ከድሃ መንደሮች መሆኑ ከሌሎች ታዋቂ የትምህርት ሙከራዎች ለየት ያደርገዋል።

በተራራማው የአገሪቱ ክፍል ብዙ ትምህርት ቤቶች አንድ ክፍልና አንድ መምህር ብቻ ነበራቸው። ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ያሉ ልጆች አብረው ይቀመጣሉ። መምህሩ ትንንሾቹን ፊደል ሲያስቆጥር ትልልቆቹ ከሰሌዳ እየገለበጡ ተራ ይጠብቃሉ። ቡና ሲደርስ ልጆች ወደ ለቀማ ይሄዳሉ። ሲመለሱ ትምህርቱ ጥሏቸው ሄዷል። ክፍል ይደግማሉ፤ ሲደጋግሙም ተስፋ ቆርጠው ይቀራሉ።

በ1970ዎቹ አጋማሽ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኮሎምቢያዊቷ የሶሺዮሎጂ ባለሙያ ቪኪ ኮልበርት፣ የገጠር መምህሩ ኦስካር ሞጎዮን እና አሜሪካዊቷ የትምህርት ባለሙያ ቤሪል ሌቪንገር መፍትሔ ይዘው መጡ። ከዚያ በፊት ዩኔስኮ ያስፋፋውን የባለ አንድ መምህር ትምህርት ቤት ሐሳብ አሻሻሉት።

የዘዴው ልብ የመማሪያ ጥራዙ ነው። ጥራዙ የተጻፈው ለልጁ ነው። ምን እንደሚያነብ፣ ከጓደኞቹ ጋር በምን ላይ እንደሚወያይ፣ ቤት ሄዶ ከወላጆቹ ጋር ምን እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ ይነግረዋል። ልጆቹ ጠረጴዛ ገጥመው በትንንሽ ቡድን ይሠራሉ። መምህሩ ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው እየዞረ ያግዛል። ለቡና ለቀማ የቀረ ልጅ ሲመለስ ካቆመበት ገጽ ይቀጥላል እንጂ ዓመቱን ሙሉ አይደግምም። እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው። ዘዴው የመምህሩ ችሎታ ተአምራዊ እንዲሆን አይጠብቅም፤ ተራ መምህር በተራ ክፍል ውስጥ ሊሠራበት ይችላል።

ግድግዳው ራሱ ያስተምራል። መገኘቱን ልጁ ራሱ በስሙ ትይዩ ምልክት ያደርጋል፤ ስም የሚጠራ የለም። አጠገቡ የአካባቢው ካርታ ተሰቅሏል፤ የእያንዳንዱ ተማሪ ቤት ተስሎበታል። ተማሪዎች የራሳቸውን ምክር ቤት መርጠው ቤተ መጻሕፍቱንና ጽዳቱን በኮሚቴ ይመራሉ።

በ1980ዎቹ መንግሥት ዘዴውን አገር አቀፍ አደረገው። ቡና አብቃይ በሆነው የካልዳስ ክልል የቡና አምራቾች ኮሚቴም ደገፈው። በ1998 የወጣ የዩኔስኮ ጥናት በኮሎምቢያ ከትልልቆቹ ከተሞች በቀር የገጠር ልጆች ከከተሜዎቹ የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳየ። በላቲን አሜሪካ ይህ ብርቅ ነገር ነበር።

መስፋፋቱ ግን ዋጋ አስከፍሏል። ዘዴውን በችኮላ በጀመሩት ትምህርት ቤቶች ዘንድ የመምህራን ሥልጠናው ሳሳ፣ ጥራዞቹም አልተሟሉም። ቬትናምም ዘዴውን በ2010ዎቹ ወስዳ ወላጆች «መምህሩ አያስተምርም» ብለው አጉረመረሙ፤ አንዳንድ ክፍላተ ሀገርም አቆሙት። ለእኔ ጥፋቱ የዘዴው አይደለም። መምህሩ ዘዴው በደንብ የሚሠራበትን ሌላ ትምህርት ቤት ሄዶ ሳያይ መመሪያ ብቻ ስለተሰጠው ነው።

ኮልበርት በ1987 የመሠረተችው ድርጅት ዛሬም ይሠራል፤ እሷም በ2017 ለትምህርት ሥራ የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የይዳን ሽልማት አግኝታለች። ድርጅቱ በጦርነት የተፈናቀሉ ልጆች ወደ መደበኛ ትምህርት እስኪመለሱ ድረስ ጥራዞቹን ይዘው በትንንሽ ቡድን የሚማሩበትን መንገድም ከፍቷል።