«ጆሮው ከታየ ተኩላው አለ»

«ጆሮውን ባየሁበት ተኩላውን እጠብቃለሁ።» ይህን የተናገረችው ወፍ ናት። ንግግሯ በጥንታዊው የኖርስ ቋንቋ ከተጻፉ የጀግኖች ግጥሞች በአንዱ ውስጥ ይገኛል፤ አጠር ሲል «ጆሮው ከታየ ተኩላው አለ» እንደ ማለት ነው። ከቁጥቋጦው በላይ ሁለት ሹል ጆሮዎች ብቅ ካሉ ጥርሱን እስክታይ አትቆይ፤ የቀረው ገላ ከሥር አድፍጧል። ክፉ ያሰበ ሰው አንድ ምልክት ካሳየም የቀረውን እንዳየኸው ቁጠረው ነው ነገሩ። የእኛ «ሳይቃጠል በቅጠል» ይቀርበዋል፤ ነገር ግን የእኛው እሳቱን ለማጥፋት ሲያጣድፍ የእነርሱ ለኳሹን ለማጥፋት ያጣድፋል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ወፏ ይህን ስትል አጠገቧ አንድ ሰው ተኝቶ ነበር፤ ምክሩን የሰማው ደግሞ ሰይፍ የታጠቀ ወጣት ነው።

ባለ ሰይፉ ሲጉርድ ይባላል። በሰሜን አውሮፓ የጀግኖች ተረት ውስጥ ከእርሱ የበለጠ የተዘፈነለት ማግኘት ይቸግራል። አባቱ ሲግሙንድ ልጁ ሳይወለድ በጦር ሜዳ ወድቋል፤ አሳዳጊው ረጊን የሚባል አንጥረኛ ነው። ረጊን ለልጁ ቋንቋውን፣ የሩን ፊደሉንና የገበታ ጨዋታውን አስተማረው፤ ሰይፍም ሠራለት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰይፎች ሲጉርድ መስፍ ላይ ቢሞክራቸው ተሰበሩ። ሦስተኛው፣ ግራም የተባለው፣ የተሠራው ከአባቱ ሰይፍ ስባሪ ነው፤ እርሱ መስፉን ከአናቱ እስከ ግርጌው ሰነጠቀው። ሲጉርድ ወንዝ ውስጥ ሱፍ ጥሎ ውኃው ወደ ስለቱ ሲገፋውም ሱፉ ለሁለት ተከፈለ። እንዲህ የደከመ አሳዳጊ ለልጁ ክፉ ያስባል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ረጊን ግን ሰይፉን የሠራው የቆየ የወንድማማች ጠብ በሰው እጅ ሊጨርስበት ነው።

ጠቡ የመጣው ከጉማ ነው። ረጊን ኦትርና ፋፍኒር የተባሉ ወንድሞች ነበሩት። ኦትር የወንዝ አውሬ መስሎ ፏፏቴ ዳር ዓሣ ሲበላ ሎኪ የተባለው አምላክ በድንጋይ መትቶ ገደለው። አባታቸው ህረይድማር የደም ካሳ ጠየቀ፤ የሟቹ ቆዳ በወርቅ ይሞላ፣ ከውጭም በወርቅ ይሸፈን አለ። ሎኪ ወርቁን አንድቫሪ ከሚባል ድንክ ነጠቀ፤ የመጨረሻዋን ቀለበት እንኳ አላስቀረለትም፤ ድንኩም ሀብቱን ረገመው። ቆዳው ተሸፍኖ ሲታይ አንዲት የጢም ፀጉር ብቻ ውጭ ቀርታለች። ህረይድማር እርሷንም አልተዋትም፤ የአማልክቱ አለቃ ኦዲን ያቺን ቀለበት አውጥቶ ሸፈናት። የረጊን ቤት የወንድም ደም እስከ አንዲት ጢም ድረስ የሚቆጠርበት ቤት ነው፤ ይህን መያዝ ያስፈልጋል። ከዚያ ፋፍኒር አባቱን ገድሎ ወርቁን ጠቀለለ፤ ለረጊን ድርሻውን ከለከለው፤ ዘንዶ ሆኖም በግኒታ ምድር ወርቁ ላይ ተኛበት።

ሲጉርድ ዘንዶው ወደ ውኃ በሚወርድበት መንገድ ጉድጓድ ቆፍሮ ገባ፤ ፋፍኒር በላዩ ሲያልፍ ከሥር ወጋው። ዘንዶው ወዲያው አልሞተም፤ ስምህ ማን ነው፣ አባትህ ማን ነው እያለ ገዳዩን ሲጠይቅ ቆየ። ሊሞት ሲል ደግሞ ረጊን እኔን ከድቶኛል፣ አንተንም ይከዳሃል፣ የሁለታችንም ሞት እርሱ ነው አለው። ሲጉርድ ለዚህ ነገር ቦታ የሰጠው አይመስልም።

ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ረጊን መጣ። መጀመሪያ ጀግናውን አወደሰ። ከዚያ፣ የሲጉርድን ዘር ታሪክ የሚናገረው የቮልሱንጎች ሳጋ እንደሚተርከው፣ ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት እያየ ቆመ። በመጨረሻም ወንድሜን ገድለሃል፣ እኔም ከዚህ ሥራ ንጹሕ ነኝ ማለት ይከብደኛል አለ። ከዘንዶው ደም ጠጣ፤ ልቡን ጥበስልኝ፣ እኔ ልተኛ ብሎም ጋደም አለ። ሲጉርድ ልቡን በእንጨት ሰክቶ እሳት ላይ ያዘ። ጭማቂው ሲንተከተክ በስሎ እንደሆነ ሊያይ በጣቱ ነካው፤ ተቃጠለና ጣቱን ወደ አፉ ወሰደ። የዘንዶው ደም ምላሱን ሲነካ የወፎቹ ቋንቋ ገባው። አንደኛዋ ረጊን የሚያምነውን ልጅ ሊያታልል እያሰላሰለ ነው ትላለች። ሌላዋ የተኩላውን ጆሮ ታነሣለች። አንዷ ደግሞ አንዱን ወንድም ገድሎ ሌላውን የሚለቅ ሰው ብልህ አይደለም ትላለች። ሲጉርድ የረጊንን አንገት ቆረጠ።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ ተአምሩ ላይ ይቆማል፤ ወፎቹ ባይናገሩ ኖሮ ሲጉርድ አልቆለት ነበር ይላል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ወፎቹ ሲጉርድ ያልሰማውን አንድም ነገር አልነገሩትም። ፋፍኒር በግልጽ አስጠንቅቆታል። ረጊንም ራሱ ማንም ሳይጠይቀው «ወንድሜን» የሚለውን ቃል አውጥቶታል፤ ያን ወንድም ለማስገደል ስንት ዓመት የለፋው እርሱ ሆኖ ሳለ። የግጥሙን የጥንት አድማጮች ይህ ቃል የሚያመልጣቸው አይመስለኝም፤ የወንድሙን ሞት ጮክ ብሎ የጠራ ሰው ወይ ጉማ ይቀበላል ወይ ደም ይመልሳል። ጆሮው ያ ነበር። ስለዚህ አባባሉ ለጥርጣሬ ሁሉ ማጽደቂያ ሲሆን ቅር ይለኛል፤ ወፏ ያየችው የተኩላ ጆሮ እንጂ የተነቃነቀ ቅጠል አይደለም።

ይህችን ትዕይንት የሰሜኑ ሰዎች እንዴት እንደወደዷት ለማየት ስዊድን ውስጥ ራምሱንድ ወደሚባለው ቦታ መሄድ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1030 ገደማ ዓለት ላይ የተቀረጸ ሥዕል አለ። ሲጉርድ ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቷል፤ ዛፉ ላይ ወፎች፣ ዛፉ ሥር የታሰረ ፈረሱ ግራኒ ይታያሉ። ረጊን ጭንቅላቱ ተቆርጦ፣ መዶሻው፣ ጉጠቱና ወናፉ ዙሪያውን ተበታትነው ወድቋል። ጽሑፉ የተቀረጸው በዘንዶው ገላ ላይ ነው፤ ሲግሪድ የምትባል ሴት ለባሏ ለሆልምገር ነፍስ ድልድይ ማሠራቷን ይናገራል። ለነፍስ የተሠራ የክርስቲያን ድልድይ፣ ከጎኑ አንገት የተቆረጠ አንጥረኛ! ሲግሪድን ያስጨነቃት አይመስልም።

ግጥሙ የተረፈው ኮዴክስ ሬጊየስ በሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1270 ገደማ አይስላንድ ውስጥ በተጻፈ የብራና መጽሐፍ ነው። በ1662 ለዴንማርክ ንጉሥ ተልኮ ነበር፤ በ1971 በጦር መርከብ ሲመለስ የሬይክያቪክ ሕዝብ ወደብ ወጥቶ ተቀብሎታል። የሚገርመው ደግሞ አይስላንድ ውስጥ ተኩላ የለም፤ ሰው ሲሰፍርባት የጠበቃት የየብስ አጥቢ እንስሳ የአርክቲክ ቀበሮ ብቻ ነው። ያንን ብራና የጻፈው ሰው የተኩላ ጆሮ በአገሩ ሜዳ አይቶ አያውቅም ማለት ነው።

ተኩላው ሲጉርድን እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም። ከረጊን ሞት በኋላ ከእንቅልፍ የቀሰቀሳት ሲግርድሪፋ የተባለች ጦረኛ ልጃገረድ አባቱን ወይም ወንድሙን የገደልክበትን ሰው መሐላ አትመን፣ በወርቅ ቢደሰት እንኳ በትንሹ ልጅ ውስጥ ተኩላ አለ ብላ መከረችው። እርሱ ግን አደጋው የመጣበት ከአማቾቹ ነው። ጉናርና ሆግኒ የወንድማማችነት መሐላ ስለገቡለት ራሳቸው ሊገድሉት አልደፈሩም፤ ያልማለውን ታናሽ ወንድማቸውን ጉቶርምን የተኩላና የእባብ ሥጋ አብልተው አስነሡት። ጉቶርም ሲጉርድን በአልጋው ላይ ወጋው፤ ሲጉርድም ግራምን ወርውሮ ገዳዩን ለሁለት ቆረጠው።

ነገሩ በዚህም አላበቃም። ሲጉርድን ያስገደለችው የጉናር ሚስት ብሪንሂልድ ባሏን ስትገፋፋው ልጁም አባቱን ይከተል፣ የተኩላ ግልገል አይታደግም ብላው ነበር፤ የሦስት ዓመቱ ሕፃንም ተገደለ። ምክሩ ያው የወፎቹ ምክር ነው። ረጊን ቢያንስ ከአፉ የወጣ ቃል ነበረበት፤ በሕፃኑ ላይ የተገኘው ግን የአባቱ ልጅ መሆኑ ብቻ ነው።