«ካሪዝማ ካለህ ሁሉም እሺ ይልሃል» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

ፋንታሲ ጌም ስጫወት ከሰይፉ ይልቅ ወሬው ይበልጥብኛል። በር ላይ የቆመን ዘበኛ አግባብቶ ማለፍ ከመግደል የበለጠ ያስደስተኛል። በዚህ ላይ ግን ጌመሮች ሲያወሩ ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች አሉ። አብዛኛውን ምሳሌ በ2023 ከወጣው ከባልደርስ ጌት 3 እወስዳለሁ፤ እሱም መሠረቱ ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባለው፣ ጠረጴዛ ዙሪያ በዳይስ የሚጫወቱት ጨዋታ አምስተኛ እትም ሕግ ነው።

«ካሪዝማ ቁንጅና ነው»

ካሪዝማ በነዚህ ጌሞች ውስጥ በቁጥር ከሚለኩት የካራክተር ችሎታዎች አንዱ ነው። በአማርኛ «ግርማ ሞገስ» ብላችሁ አስቡት፤ ነገሩ ወዲያው ይገባችኋል። ሽማግሌ ተነስቶ ሲናገር ቤቱ ጸጥ የሚለው መልኩን አይቶ አይደለም። ፊቱ በጠባሳ የተሞላ ካራክተርም ካሪዝማው 16 ሊሆን ይችላል።

«ካሪዝማዬ ከፍ ካለ የማላሳምነው ሰው የለም»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩን እንየው። ሰውን ለማሳመን ስትሞክሩ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጣላል፤ በመጣው ቁጥር ላይ የችሎታችሁ ነጥብ ተደምሮ ፈተናው የሚጠይቀውን ቁጥር መድረስ አለበት። ካሪዝማ 10 ከሆነ የሚጨመር ነገር የለም። 16 ከሆነ 3 ይጨመራል፣ 8 ከሆነ 1 ይቀነሳል። ካራክተሩ በፐርሱዌሽን ማለትም በማሳመን የሠለጠነ ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሌቭሎች ሌላ 2 ያገኛል። ስለዚህ ጎበዙ ተናጋሪያችን በእጁ 5 አለው። ፈተናው 15 ከጠየቀ ዳይሱ 10 ወይም ከዚያ በላይ ማምጣት አለበት። ዕድሉ 55 በመቶ ነው። ካሪዝማው 10 የሆነ ያልሠለጠነ ጓደኛው 30 በመቶ አለው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም ጎበዙም ከሁለት አንዴ ገደማ ይወድቃል።

ካሪዝማን ከ16 ወደ 18 ማሳደግ የሚጨምረው አንዲት ነጥብ ነው፤ 5 በመቶ ማለት ነው። ጋይዳንስ የምትባለው ትንሽ አስማት ግን ባለ 4 ገጽ ዳይስ ትጨምራለች፤ ያ በአማካይ ሁለት ነጥብ ተኩል ነው። አድቫንቴጅ ካላችሁ ደግሞ ዳይሱ ሁለቴ ይጣልና ትልቁ ይያዛል፤ ያ 55 በመቶ ወደ 80 ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ወሬ ከመጀመራችሁ በፊት መዘጋጀት ይሻላል።

ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሲጫወቱት ደግሞ ማሳመን ራሱ ድንበር አለው። በ2014 የወጣው የጨዋታ መሪዎች መመሪያ እንደሚለው፣ በጠላትነት የሚያያችሁ ሰው በድምሩ 20 ብታመጡ እንኳ የሚስማማው ለሱ አደጋም መሥዋዕትነትም በሌለው ነገር ነው። ንጉሥን ዘውድህን ስጠኝ ብሎ ዳይስ መጣል አይሠራም።

«20 ከመጣ አለቀ»

ባልደርስ ጌት 3 ላይ እውነት ነው። 20 ሁልጊዜ ያልፋል፣ 1 ሁልጊዜ ይወድቃል። በ2014ቱ የጠረጴዛ ሕግ ግን ይህ ለእንዲህ ዓይነቱ ፈተና አይሠራም፤ 20 እንደማንኛውም ቁጥር ይደመራል።

«ወሬ የካሪዝማ ሥራ ብቻ ነው»

አፈ ቅቤ ሆደ ጩቤ የሆነ ሰው ሲያወራችሁ የሚያነቃችሁ ኢንሳይት፣ ማለትም የሰውን ልብ የማንበብ ችሎታ ነው፤ እሱ የሚለካው ደግሞ በዊዝደም (በማስተዋል) ነው። ስለ አስማትና ስለ ታሪክ የሚነሱ ፈተናዎች ኢንተሊጀንስን (የአእምሮ ብልህነትን) ይጠይቃሉ። በ2009 በወጣው ድራገን ኤጅ፡ ኦሪጂንስ ሰውን ማስፈራራት በጉልበት ይታገዛል። በ1999 የወጣው ፕሌንስኬፕ፡ ቶርመንት ላይ ደግሞ ምርጥ ምርጥ ንግግሮች የሚከፈቱት ዊዝደምና ኢንተሊጀንስ ላላቸው ነው። ካሪዝማ ብቻ ይዞ የገባ ሰው ብዙ ነገር ያመልጠዋል፤ ይህን ጌም ለማንም የምመክረውም ለዚህ ነው።

«ከወደቅህ ሎድ አድርግ»

ሎድ ማለት ቀድሞ ሴቭ ወደተደረገው ቦታ ተመልሶ እንደገና መሞከር ነው። ይህን እኔም አምን ነበር። ባልደርስ ጌት 3 መጀመሪያ አካባቢ አራቤላ የምትባል ሕፃን ጣዖት ሰርቃ ትያዛለች። ካጋ የምትባለው የድሩይዶች (ተፈጥሮን የሚያመልኩና የሚጠብቁ አስማተኞች) መሪ እባቧን ልጅቷ ላይ አፍጥጣለች። እንድትለቃት ለመንኳት። ዳይሱ ከሚያስፈልገኝ በታች መጣ። ልጅቷ ልትሮጥ ስትል እባቡ ነደፋት፤ እዚያው ወደቀች። እናትና አባቷ ውጭ እየጠበቁ ነበር።

እጄ ሎድ ላይ ደርሶ ነበር፤ ተውኩት። ወጥቼ ወላጆቿን አገኘኋቸው። ሎድ ባደርግ ኖሮ ያን ሐዘን አላየውም ነበር። ከዚያ በኋላ ካጋን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ምን እንደምትደብቅ ፍለጋ ገባሁ። ረግረጉ ውስጥ ከሌሎች ድሩይዶች ጋር በምስጢር እንደምትሠራ የሚያሳይ ደብዳቤ አገኘሁ። ተመልሼ ፊቷ ስቆም እጄ ላይ ማስረጃ ነበረኝ።