የረጋ ዘይት፣ ወለድ እና የማሌዥያ ባንኮች

ከወለድ ነፃ ባንክ ሲነሳ ሁለት ዓይነት ሰው አይጠፋም። አንዱ «ያው ወለድ ነው፣ ስሙን ቀየሩት እንጂ» ይላል። ሌላው «ወለድ ከሌለማ በነፃ ነው» ብሎ ደስ ይለዋል። ክርክሩ ሲጦፍ ሁለቱም ማሌዥያን ይጠራሉ። እስኪ ማሌዥያ ድረስ ሄደን እንየው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የሙስሊም አገር ስለሆነች ባንኮቿ ሁሉ እስላማዊ ናቸው»

አይደሉም። ሜይባንክ፣ ሲአይኤምቢ፣ ፐብሊክ ባንክ፣ እነዚህ ስመ ጥር ባንኮች ዛሬም ወለድ ይከፍላሉ፣ ወለድ ይቀበላሉ። ከጎን ደግሞ የራሱ ፈቃድ ያለው እስላማዊ ባንክ በሥራቸው አላቸው። የመጀመሪያው እስላማዊ ባንክ፣ ባንክ ኢስላም፣ ሥራ የጀመረው ሐምሌ 1983 ነው። ከ10 ዓመት በኋላ መደበኛ ባንኮችም ከወለድ ነፃ አገልግሎት በመስኮት፣ ማለትም እዚያው ባንክ ውስጥ በተለየ ክፍል፣ እንዲሰጡ ተፈቀደላቸው። በ2013 ሁለት የባንክ ሕግ ወጣ፤ አንዱ ለመደበኛው፣ አንዱ ለእስላማዊው። ሁለቱንም የሚቆጣጠረው ግን አንድ ማዕከላዊ ባንክ ነው፤ ባንክ ነጋራ ይባላል። ዛሬ ከባንኮች አጠቃላይ ብድር ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በእስላማዊው በኩል ያልፋል።

«ለሙስሊም ብቻ ነው» የሚለውን በአጭሩ እንለፈው። ደንበኛ ሃይማኖቱን አይጠየቅም። የቻይናም የህንድም ዝርያ ያላቸው ማሌዥያውያን ቤትና መኪና በዚሁ መንገድ ይገዛሉ። ኤችኤስቢሲና ስታንዳርድ ቻርተርድ ሳይቀሩ እዚያ እስላማዊ ባንክ አላቸው።

«ስሙ ተቀየረ እንጂ ያው ወለድ ነው»

ይሄ ነው ዋናው፣ ትንሽ ቆም እንበልበት።

እኛ አገር ከወለድ ነፃ ሲባል ብዙ ሰው የሚያውቀው ሙራባሃን ነው። ባንኩ መኪናውን ይገዛል፣ ትርፍ ጨምሮ በረጅም ጊዜ ክፍያ ይሸጥልሃል። ዕቃው አለ፣ ዋጋው ይታወቃል። ማሌዥያም ይህ አለ። ግን ደንበኛው መኪና ሳይሆን ጥሬ ገንዘብ ሲፈልግስ? እዚህ ጋ ተወሩቅ የሚባለው ውል ይመጣል፤ የረጋ ዘይትም አብሮ ይመጣል።

እንበል 100,000 ሪንጊት (የማሌዥያ ገንዘብ) ያስፈልግሃል። ባንኩ በ100,000 የፓልም ዘይት፣ ያው የረጋ ዘይት የምንለውን፣ ይገዛል። ዘይቱን ለአንተ በ180,000 ይሸጥልሃል፤ የምትከፍለው ቀስ በቀስ፣ በዓመታት ነው። አንተ ደግሞ ወዲያው ለሌላ ነጋዴ በ100,000 በእጅ በእጅ ትሸጠዋለህ፤ አብዛኛውን ጊዜ ባንኩ ራሱ በውክልና ይሸጥልሃል። ገንዘቡ ሒሳብህ ይገባል። ዘይቱ ከመጋዘን ንቅንቅ አላለም። ለዚህ ተብሎ በኳላ ላምፑር «ቡርሳ ሱቅ አስ-ሲላዕ» የሚባል የኤሌክትሮኒክ ገበያ በ2009 ተከፍቷል። «ዘይቴን ልረከብ» ማለት መብት ነው። ግን ማን ነው ጭነት መኪና ይዞ የሚሄደው?

ታዲያ ተጠራጣሪው ተሳሳተ ማለት ይከብዳል። እዚያው 2009 ላይ ዓለም አቀፉ የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) አካዳሚ ሻርጃ፣ ኤምሬትስ ውስጥ ተሰብስቦ ባንክ የሚያደራጀውን ተወሩቅ አይፈቀድም ብሏል። የባንክ ነጋራ የሸሪዓ አማካሪ ምክር ቤት ደግሞ ይፈቅደዋል። ዑለማዎች ራሳቸው ያልተስማሙበትን ነገር እኔ አልፈርድበትም። ግን «ምንም ልዩነት የለውም» የሚለው አያስኬድም። ልዩነቱ የሚታየው ደግሞ ችግር ሲመጣ ነው።

አንደኛ፣ ጣሪያ አለ። ያ 180,000 በውሉ ላይ የተጻፈ የመጨረሻ ዋጋ ነው። ብዙ ጊዜ ሆን ተብሎ ከፍ ይደረጋል። በየወሩ የሚከፈለው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ልዩነቱ እንደ ቅናሽ ይታሰባል። የገበያው ተመን ሲጨምር ወርሃዊ ክፍያውም ይጨምራል፤ ከጣሪያው ግን አያልፍም። ውሉን መጀመሪያ ያየ ሰው በቁጥሩ መደንገጡ አይቀርም።

ሁለተኛ፣ ስታዘገይ። ካሳው ባዘገየኸው ክፍያ ላይ በዓመት 1 በመቶ ነው። 1,000 ሪንጊት ለአንድ ወር ብታዘገይ አንድ ሪንጊት አይሞላም። በቅጣት ላይ ቅጣት አይታሰብም። ከካሳው በላይ ቅጣት ከተጣለ ገንዘቡ ለበጎ አድራጎት ይሄዳል እንጂ የባንኩ ገቢ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ቀድመህ ስትጨርስ። ይሄኛው በፍርድ ቤት ክርክር የተሞረደ ነው። ድሮ የቤት ብድር የሚሰጠው ባንኩ ቤቱን ከደንበኛው ገዝቶ፣ መልሶ በከፍተኛ ዋጋ በዱቤ እየሸጠለት ነበር። ደንበኛው ከጥቂት ዓመት በኋላ መክፈል ቢያቅተው ባንኩ ገና ያልደረሱትን ዓመታት ትርፍ ጭምር የሚጠይቅበት ጊዜ ነበር። በ2008 አንድ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ «ይህ እውነተኛ ሽያጭ አይደለም» ብለው ፈረዱ። አገሩ ተንጫጫ። በ2009 ይግባኝ ሰሚው ሻረው። የኋላ ኋላ ግን ባንክ ነጋራ ቀድሞ ለሚዘጋ ሰው ቅናሽ መስጠትን ግዴታ አደረገው፤ ውሉ ላይም መጻፍ አለበት።

«ወለድ ከሌለ ርካሽ ነው»

ባንኩ በጎ አድራጎት አይደለም። የትርፉ መጠን ባንክ ነጋራ የሚያወጣውን የአንድ ሌሊት የወለድ ተመን (ባንኮች እርስ በርስ የሚበዳደሩበትን) ተከትሎ ይወጣል ይወርዳል። እና አንዳንዴ ይረክሳል፣ አንዳንዴ ይወደዳል። የብዙ ሰው ቅሬታም እዚህ ነው፤ ወለድን የሸሸ ሰው ዋጋውን የሚለካው በወለድ ሜትር ነው።

«ባንኩ ከከሰረ ገንዘቤም አብሮ ይከስራል፤ ትርፍና ኪሳራ መጋራት ነውና»

ምን ዓይነት ሒሳብ እንደከፈትክ ይወስነዋል። የ2013ቱ ሕግ ሁለቱን ለያይቷቸዋል። ተራ ተቀማጭ ከሆነ የመንግሥት የተቀማጭ ዋስትና ተቋም እስከ 250,000 ሪንጊት ይሸፍነዋል። በመደበኛው ባንክና በእስላማዊው ያለው ገንዘብ ለየብቻ ነው የሚቆጠረው። የኢንቨስትመንት ሒሳብ ከሆነ ግን ዋስትና የለም፤ ኪሳራው የባለገንዘቡ ነው። መስኮቱ ላይ «የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ያዋጣል።

ከዚህ ጋር የሚምታታ አንድ ተቋም አለ፤ ታቡንግ ሀጂ። ብዙዎች ባንክ ይመስላቸዋል፤ አይደለም። ገጠሬው ለሀጅ ሲል ገንዘቡን ቤቱ ይደብቅ፣ ሲብስም መሬቱንና ከብቱን ይሸጥ ነበር። ሲመለስ ባዶ እጁን ነው። ኡንግኩ አዚዝ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ምሁር በ1959 «ከወለድ ነፃ የሆነ የሀጅ ቁጠባ ይቋቋም» ብለው ሐሳብ አቀረቡ፤ በ1963 ሥራ ጀመረ። ባንክ ኢስላም ከመወለዱ 20 ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። ተቀማጩም በዋስትና ተቋሙ ሳይሆን በራሱ ሕግ፣ በመንግሥት ዋስትና የተጠበቀ ነው።

«ጠብ ቢነሳ የሚዳኘው ሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው»

አይደለም፣ መደበኛው የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት ነው። የባንክ ጉዳይ የፌዴራል ሥልጣን ነው፤ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ደግሞ የክልሎቹ ናቸው። ግን አንድ ቋጠሮ አለው። የሸሪዓ ጥያቄ ከተነሳ ዳኛው ከባንክ ነጋራ የሸሪዓ ምክር ቤት ውሳኔ ጋር መሄድ ግዴታው ነው። «ታዲያ ዳኝነቱ የማን ሆነ?» የሚል ክርክር እስከ አገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2019 ዘጠኝ ዳኞች ተሰይመው፣ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ሕጉ ጸና።