ሌተንሲ ምንድን ነው? ለሊኑክስሲኤንሲ ኮምፒውተር ሲመረጥ ቀድሞ የሚለካው ነገር

ሊኑክስሲኤንሲ ተራ ኮምፒውተርን የቶርኖ፣ የሚሊንግ ወይም የፕላዝማ መቁረጫ ማሽን መቆጣጠሪያ የሚያደርግ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተሠራው ኢኤምሲ የተባለ መቆጣጠሪያ ሲሆን፣ የዛሬ ስሙን ያገኘው በ2011 ነው። ለዚህ ሶፍትዌር ኮምፒውተር የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ፕሮሰሰሩ ፍጥነትና ስለ ራሙ መጠን ነው፤ ሥራውን የሚወስነው ግን ሌተንሲው ነው።

ሌተንሲ አንድ ተግባር መጀመር ከነበረበት ቅጽበት አንስቶ በእርግጥ እስከተጀመረበት ቅጽበት ድረስ ያለው መዘግየት ነው። መዘግየቱ ሁልጊዜ እኩል ቢሆን ብዙም ባልጎዳ ነበር፤ የሚጎዳው አንዴ አጭር፣ አንዴ ረጅም መሆኑ ነው፤ ይህ መዋዠቅ ጂተር ይባላል። በማኅሌት ከበሮ የሚመታ ሰው ከሁሉ በፊት የሚጠበቅበት ምቱን በቦታው ማሳረፍ እንደሆነ ሁሉ፣ ማሽን የሚቆጣጠር ኮምፒውተርም ከፍጥነቱ ይልቅ ሰዓት አክባሪነቱ ይበልጣል።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይጠራል። አንድ ዙር በ200 እርምጃ የሚጨርስ ስቴፐር ሞተር፣ ድራይቨሩ (ሞተሩን በኤሌክትሪክ የሚነዳው ሰሌዳ) እያንዳንዱን እርምጃ ለ10 ቢከፋፍልለትና በዙር 5 ሚሊሜትር የሚገፋ ብሎን ቢያዞር፣ ለአንድ ሚሊሜትር ጉዞ 400 የኤሌክትሪክ ምት ያስፈልገዋል። ምቱን በፓራለል ፖርት (ድሮ ፕሪንተር ይገናኝበት በነበረው የኮምፒውተሩ መሰኪያ) በኩል የሚልከው ራሱ ሶፍትዌሩ ከሆነ፣ ሥራው ቤዝ ትሬድ በሚባለውና ለምሳሌ በየ25 ማይክሮሰከንዱ (ማይክሮሰከንድ የሰከንድ ሚሊዮንኛ ነው) በሚነሳው ዑደት ይከናወናል። በተለመደው አሠራር መስመሩን አንድ ዑደት ላይ ከፍ፣ በሚቀጥለው ዝቅ ማድረግ ስለሚያስፈልግ፣ በየ50 ማይክሮሰከንዱ አንድ ምት፣ በሰከንድ 20,000 ምት፣ ማለትም በደቂቃ 3,000 ሚሊሜትር ይገኛል። እዚህ ላይ አንዱ ምት በ20 ማይክሮሰከንድ ቢዘገይ፣ ቀጣዩ የሚደርሰው ከ30 ማይክሮሰከንድ በኋላ ነው፤ ሞተሩም በዚያች ቅጽበት ፍጥነቱን በድንገት ወደ 33,000 ምት እንዲያደርስ የታዘዘ ያህል ይሆንበታል። ካልቻለ እርምጃ ይስታል። ኢንኮደር፣ ማለትም የሞተሩን ትክክለኛ ቦታ የሚለካ መሣሪያ፣ የሌለው ስቴፐር የሳተውን እርምጃ ለሶፍትዌሩ ስለማይነግር፣ ማሽኑ ከዚያ በኋላ የሚቆርጠው ሁሉ ከቦታው ውጭ ይሆናል፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ግን ትክክል መስሎ ይቀጥላል።

ተራ ሊኑክስ የሚዘገየው ደካማ ስለሆነ ሳይሆን፣ የፕሮሰሰሩን ጊዜ ለብዙ ፕሮግራሞች በአማካይ በሚገባ እንዲያዳርስ ስለተሠራ ነው። ስለዚህ ለጊዜ ገደብ ቅድሚያ የሚሰጥ ሪልታይም ከርነል ያስፈልጋል፤ ከርነል የስርዓተ ክወናው እምብርት ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ፕሪኤምፕት አርቲ ለረጅም ዓመታት ለብቻው ሲሠራበት ከቆየ በኋላ፣ በ2024 ከዋናው የሊኑክስ ከርነል ጋር ተዋሕዷል።

ከርነሉ ግን ማዘርቦርዱ የሚደብቀውን ማየት አይችልም። አንዳንድ ማዘርቦርዶች ሙቀትን ወይም ኃይልን ለመቆጣጠር ፕሮሰሰሩን ከስርዓተ ክወናው እጅ ለአፍታ ይነጥቁታል፤ ይህ ኤስኤምአይ የተባለ ማቋረጫ ጂተሩን በአንድ ጊዜ ሊያንረው ይችላል። አሮጌ የቢሮ ኮምፒውተር ውዱንና አዲሱን አንዳንዴ የሚበልጠው፣ ላፕቶፕም ኃይል ለመቆጠብ ስለተነደፈ ለዚህ ሥራ የማይመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ከመግዛት በፊት መለካት ይገባል። ሊኑክስሲኤንሲ የተጫነበትን ሊኑክስ ከፍላሽ ማስነሳትና ሌተንሲ ቴስት የተባለውን መለኪያ መክፈት ይቻላል። መለኪያው እየሠራ ሊኑክስሲኤንሲ ራሱ ተዘግቶ፣ ኮምፒውተሩ ግን ሆን ተብሎ ይጨናነቅ፦ ትልቅ ፋይል ይገልበጥ፣ ቪዲዮ ይከፈት፣ መስኮቶች ወዲያ ወዲህ ይጎተቱ። ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ተመልክቶ መርካት ስሕተት ነው፤ ብርቅ የሆነው ትልቁ መዘግየት ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ይመጣልና ቢቻል ለሰዓታት ይተው። የሚነበበው ከፍተኛው ጂተር ነው። ከ20,000 ናኖሰከንድ (20 ማይክሮሰከንድ) በታች ከሆነ ለሶፍትዌር ምት እጅግ ጥሩ ነው፤ ከ30,000 እስከ 50,000 ከሆነ ፍጥነትን ቀንሶ መሥራት ይቻላል፤ ከ100,000 ካለፈ ለዚህ ዓይነት አሠራር አይሆንም።

ውጤቱ መጥፎ ሲሆን ኮምፒውተሩን ከመጣል በፊት ባዮስ (የማዘርቦርዱ ቅንብር) ውስጥ ገብቶ ሃይፐርትሬዲንግን (አንዱን ኮር እንደ ሁለት የሚያሠራውን)፣ የፕሮሰሰሩን የእንቅልፍ ደረጃዎችና ፍጥነቱን ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ቅንብር ማጥፋትና፣ አንድ በአንድ እያጠፉ እንደገና መለካት ያዋጣል። አንዱን የፕሮሰሰር ኮር አይሶልሲፒዩስ በተባለው የከርነል ትእዛዝ ለሪልታይም ሥራ ብቻ መለየትም ብዙ ጊዜ ይረዳል።

ፓራለል ፖርት የሌለው ኮምፒውተር ያለው ሰው የዩኤስቢ መቀየሪያ ገዝቶ እንዳይከስር አጥብቄ እመክራለሁ፤ ዩኤስቢ የጊዜ ዋስትና ስለማይሰጥ ሊኑክስሲኤንሲ በዚያ መንገድ ምት አይልክም። የሚሻለው እንደ ሜሳ ያሉ፣ ምቱን በራሳቸው ቺፕ የሚያመነጩ ካርዶችን መጠቀም ነው። ያኔ ቤዝ ትሬድ ጨርሶ ይቀራል፤ ኮምፒውተሩ የሚጠበቅበት በየ1 ሚሊሰከንዱ በሚነሳው ሰርቮ ትሬድ ትእዛዝ ማድረስ ብቻ ስለሆነ፣ 100 ማይክሮሰከንድ ገደማ ጂተር ያለውም ያገለግላል። ካርዱ በኢተርኔት የሚገናኝ ከሆነ ግን ያ መስመር ለእርሱ ብቻ ይለቀቅ፤ ኢንተርኔት በሌላ የኔትወርክ ካርድ ይግባ።