ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያን በውድድር ሽጉጥ ላይ መግጠም፦ መንገዶቹና ምርጫው

ለውድድር ሽጉጡ ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜውን የሚያጠፋው ማነጣጠሪያውን በመምረጥ ነው። የመስታወቱ ስፋት፣ የነጥቡ መጠን፣ የባትሪው ዕድሜ አንድ በአንድ ይነጻጸራሉ። አገጣጠሙ ግን መጨረሻ ላይ እግረ መንገድ ይታሰባል። እኔ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። የቱንም ያህል ጥሩ ማነጣጠሪያ ቢሆን በላላ ብሎን ላይ ከተቀመጠ ነጥቡ አንድ ቦታ እያሳየ ጥይቱ ሌላ ቦታ ያርፋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ውስጡ ያለች ትንሽ የኤልኢዲ መብራት ብርሃኗን ወደ ፊት፣ ጎበጥ ወዳለው መስታወት ትልካለች። መስታወቱ የመብራቷን ቀለም ወደ ተኳሹ ዓይን ይመልሳል፣ ከውጭ የሚመጣውን ሌላውን ብርሃን ያሳልፋል። የሚመለሰው ጨረር ትይዩ ስለሆነ ነጥቡ ዒላማው ላይ የተለጠፈ ይመስላል። ዓይን ከመስታወቱ መሀል ትንሽ ቢወጣም ነጥቡ ከቦታው ብዙም አይርቅም። በብረት ማነጣጠሪያ የኋላውን፣ የፊቱንና ዒላማውን ማሰለፍ ግድ ነበር። እዚህ ዓይን ዒላማው ላይ ብቻ ይተከላል።

የነጥቡ መጠን የሚለካው ኤምኦኤ በሚባል የማዕዘን መለኪያ ነው። 1 ኤምኦኤ በ100 ሜትር ርቀት 2.9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ስለዚህ ባለ 3 ኤምኦኤ ነጥብ በ25 ሜትር ላይ 2.2 ሴንቲ ሜትር፣ ባለ 6 ኤምኦኤ ደግሞ 4.4 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦታ ይይዛል። ትልቁ ነጥብ ቶሎ ይታያል፣ ትንሹ ለሩቅ ዒላማ ይመቻል።

ከቱቦ ወደ ትንሿ መስታወት

የስዊድኑ ኤይምፖይንት ኩባንያ የመጀመሪያውን ኤሌክትሮኒክ ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ ገበያ ላይ ያዋለው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። የያኔዎቹ ቱቦ መሰል፣ ረዘም ያሉና ከበድ ያሉ ነበሩ። ሽጉጥ ላይ ሲገቡም የሚታሰሩት በማይንቀሳቀሰው አካል፣ በፍሬሙ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካዊው ዳግ ኮኒግ በአውስትራሊያ አደሌድ በተካሄደው የአይፒኤስሲ (የዓለም አቀፉ የተግባራዊ ተኩስ ኮንፌዴሬሽን) የዓለም ውድድር ባለ ቀይ ነጥብ ሽጉጥ ይዞ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ «ይሄ ነገር ለሽጉጥ ይሆናል ወይ?» የሚለው ክርክር ብዙም አልቆየም።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ መጠኑ ነው። ማነጣጠሪያው ከ30 እስከ 60 ግራም ወደሚመዝን ትንሽ ዕቃ ወረደ፣ ተንሸራታቹ ስላይድ ራሱ ሊሸከመው ቻለ። ትሪጂኮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አርኤምአር የተባለውን ሞዴል እ.ኤ.አ. በ2009 አወጣ። የሽጉጥ አምራቹ ግሎክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ኤምኦኤስ የሚባሉትን፣ ከፋብሪካ ለማነጣጠሪያ ተዘጋጅተው የሚወጡ ሽጉጦች ማቅረብ ጀመረ። ዛሬ ብዙ አምራቾች ይህንኑ ይከተላሉ።

ደንቡ ይቅደም

ከሁሉ በፊት የሚወዳደሩበትን ዘርፍ ደንብ ማንበብ ነው። በዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን፣ ማለትም በኦሊምፒክ ዓይነቱ የሽጉጥ ውድድር፣ ቀይ ነጥብ ጨርሶ አይፈቀድም፤ ክፍት የብረት ማነጣጠሪያ ብቻ ነው። በአይፒኤስሲና በአሜሪካው የተኩስ ማኅበር በዩኤስፒኤስኤ፣ ኦፕን በተባለው ዘርፍ ግን ፍሬም ላይም ስላይድ ላይም መግጠም ይቻላል። በዩኤስፒኤስኤ ካሪ ኦፕቲክስ ዘርፍ ማነጣጠሪያው የግድ ስላይዱ ላይ መሆን አለበት። ፍሬም ላይ አስሮ የመጣ ሰው እዚያ ዘርፍ ውስጥ ቦታ የለውም። ብዙ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ይህን ማወቅ ያናድዳል፤ ደንቦችም በየጊዜው ይሻሻላሉ፣ ስለዚህ የዘንድሮውን ማየት ይበጃል።

ፍሬም ላይ

ፍሬም ላይ ሲገጠም በሽጉጡ ጎን በኩል የሚታሰር የብረት ወይም የአሉሚኒየም ድልድይ ያስፈልጋል። ፍሬሙ ተበስቶ ጥርስ ይወጣለታል፣ ድልድዩ በበርካታ ብሎኖች ይጠበቃል፣ ማነጣጠሪያው ከላይ ይቀመጣል። ስላይዱ ከሥሩ ወደ ኋላና ወደ ፊት ሲሮጥ ማነጣጠሪያው ከፍሬሙ ጋር ይቆያል።

የዚህ ጥቅም ብዙ ነው። በእያንዳንዱ ተኩስ ስላይዱ ወደ ኋላ ሲወረወርም፣ ተመልሶ ሲዘጋም ያለውን ምት ማነጣጠሪያው አይቀበልም። ስላይዱ ቀላል ሆኖ ይቀራል። ነጥቡም ከስላይዱ ጋር አብሮ አይመላለስም፤ ተኳሹ የሚያየው እንቅስቃሴ እጅ ላይ ያለውን የሽጉጡን መነሳት ብቻ ነው። በፈጣን ተከታታይ ተኩስ ነጥቡን በዓይን መከተል የሚቀለውም ለዚህ ነው። ኦፕን ዘርፍ ላይ ይህ አገጣጠም አሁንም ከባድ ተፎካካሪ ነው።

ጉዳቱም ግልጽ ነው። ማነጣጠሪያው ከበርሜሉ ከፍ ይላል። ሽጉጡ ይገዝፋል፣ ተራ የወገብ መያዣ ውስጥ አይገባም። ስላይዱን በእጅ ይዞ መሳብ ስለሚያስቸግር ብዙዎች ከጎኑ የሚወጣ እጀታ ያስጨምራሉ። የተተኮሰው ቀለሃም ሲወጣ ድልድዩን ወይም ማነጣጠሪያውን ሊመታ ይችላል፣ ሽጉጡም ይነክሳል። ለዚህ የተገኘው አንዱ መላ ማነጣጠሪያውን 90 ዲግሪ አዙሮ በጎኑ ማስተኛት ነው። ያኔ የቀለሃው መንገድ ይከፈታል፣ መስታወቱም ወደ በርሜሉ ይጠጋል። አንድ ነገር ግን መርሳት የለበትም፦ ሲዞር ማስተካከያ ብሎኖቹም ሥራ ይለዋወጣሉ። ከፍታውን ያስተካክል የነበረው አሁን ግራና ቀኙን ያስተካክላል። ይህን ያላሰበ ሰው ወደ ላይ ለማስኬድ እየሞከረ ጥይቱ ወደ ጎን ሲሄድበት ማነጣጠሪያው የተበላሸ ይመስለዋል።

በ.22 ካሊበር ሽጉጦች ጉዳዩ ቀለል ይላል። ለምሳሌ በሩገር ማርክ 4 ላይ ወደ ኋላ የሚሄደው ውስጥ ያለው ብረት ነው። የላዩ ቱቦ ከበርሜሉ ጋር ቆሞ ይቀራል። ቱቦው ላይ አጭር ሬል፣ ማለትም የማነጣጠሪያ ማሰሪያ ሐዲድ አስሮ ማነጣጠሪያ ማስቀመጥ ብቻ ይበቃል። የቼኩ ላውጎ ኤሊየን ደግሞ በትልቅ ካሊበር ተመሳሳይ ሐሳብ ይዞ መጥቷል። ከላይ ያለው የማነጣጠሪያ መስመር ከፍሬሙ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ስላይዱ ሲንቀሳቀስ አብሮ አይሄድም።

ስላይድ ላይ

እዚህ ሦስት መንገድ አለ፤ እኩል አይደሉም።

ደካማው የኋላውን የብረት ማነጣጠሪያ አውጥቶ በእርሱ ቦታ በሚገባ መደገፊያ ላይ መግጠም ነው። ስላይዱ አይነካም፣ ወጪው ትንሽ ነው፣ ሲሰለች ይነቀላል። ነገር ግን ማነጣጠሪያው በጣም ከፍ ይላል፣ ሸክሙ ሁሉ በአንዲት ጠባብ ጉድጓድ ላይ ይወድቃል። የኋላው የብረት ማነጣጠሪያም ይጠፋል። ለመሞከር ካልሆነ በቀር ለውድድር አልመክረውም።

ሁለተኛው በፋብሪካ የተዘጋጀ ስላይድና መሀል የሚገባ ማገናኛ ፕሌት ነው። ፕሌቱ ያስፈለገው የማነጣጠሪያዎቹ መቀመጫ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ነው። የብሎኖቹ ርቀትና የመቀመጫው ቅርጽ ከቤተሰብ ቤተሰብ ይለያያል። በአርኤምአር መቀመጫ ላይ የትሪጂኮን ኤስአርኦም የሆሎሰን 507ሲም ይቀመጣሉ። ዶክተር በሚባለው መቀመጫ ላይ ደግሞ ቮርቴክስ ቬነምና በሪስ ፋስትፋየር። የኤይምፖይንት ኤክሮ ጭራሽ ሌላ ነው፣ ከጎን ቆንጥጦ ይይዛል። ፕሌት ሲኖር ማነጣጠሪያ መቀየር ማለት ፕሌት መቀየር ብቻ ይሆናል።

ዋጋው ግን አለው። ፕሌቱ በብሎን ከስላይዱ ጋር ይያያዛል፣ ማነጣጠሪያው በሌላ ብሎን ከፕሌቱ ጋር። ሊላላ የሚችል ቦታ አንድ የነበረው ሁለት ሆነ። ፕሌቱ ቀጭን ከሆነ ብሎኑ የሚነክሰው ጥርስ ጥቂት ነው። በፕሌቱና በስላይዱ መካከል የፀጉር ያህል ክፍተት ካለ በእያንዳንዱ ተኩስ ይላወሳል፣ ሸክሙን ብሎኖቹ ብቻቸውን ይሸከማሉ። ስለዚህ ፕሌት የሚመርጥ ሰው ጥሩ የብረት ፕሌት ይምረጥ። ከማነጣጠሪያው በታች ያሉትን ጉድጓዶች አጥብቀው የሚሞሉ ጉብታዎች ያሉት ቢሆን ደግሞ እሰየው፤ ምቱን የሚሸከሙት እነሱ ይሆናሉ።

ሦስተኛው ስላይዱን በሚሊንግ ማሽን ለአንድ ማነጣጠሪያ ልክ አስቦርቡሮ በቀጥታ መግጠም ነው። ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፣ መጋጠሚያው አንድ ብቻ ነው፣ ሥራው በልክ ከተሠራ ግድግዳዎቹ ማነጣጠሪያውን አጥብቀው ይይዛሉ። የእኔ ምርጫ ይሄ ነው። ግን መመለሻ የለውም። የተቆረጠ ብረት አይመለስም። የአምራቹ ዋስትና ሊቀር ይችላል፣ የተቆረጠው ቦታ ዝገት መከላከያ ሽፋን ያስፈልገዋል፣ ከዓመት በኋላ ሌላ ዓይነት ማነጣጠሪያ ቢያምርዎት መቀመጫው እምቢ ይላል። የወደደውን ማነጣጠሪያ ገና ያላወቀ ጀማሪ በፕሌት ይቆይ። ምርጫውን የቆረጠ ሰው ግን ያስቦርቡር። ሥራውም ስላይድ የመቁረጥ ልምድ ላለው የመሣሪያ ባለሙያ የሚሰጥ ነው።

ስላይድ ላይ የገባ ማነጣጠሪያ የስላይዱን ክብደት ስለሚጨምር የሽጉጡን ባሕርይ ይቀይራል። ቀለል ያለ ጥይት የሚተኩስ ሰው ስላይዱ እስከ መጨረሻው ካልሄደለት የመመለሻ ሞላውን ለስለስ ባለ መቀየር ይኖርበታል።

ብሎኖቹ

አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ነው። መጀመሪያ ሽጉጡ ባዶ መሆኑ ይረጋገጣል፣ ጥይት ከጠረጴዛው ይርቃል። ከዚያ የብሎኑም የቀዳዳውም ጥርስ ከዘይት ይጸዳል። ቅባት ያለበት ብሎን ላይ የብሎን ማጣበቂያ አይዝም። ማጣበቂያው ጥቂት ጠብታ፣ የሚፈታው ሰማያዊው ዓይነት ይሁን። ቀጥሎ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ፣ በቶርክ መፍቻ ማጥበቅ ነው። ለእንዲህ ያሉ ትንንሽ ብሎኖች የተለመደው ከ12 እስከ 15 ኢንች-ፓውንድ፣ ማለትም ከ1.4 እስከ 1.7 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ የአምራቹ መመሪያ የተለየ ቁጥር ካለው ግን እሱ ይከበራል። በእጅ ግምት የሚያጠብቅ ሰው ወይ ያላላዋል ወይ ጭንቅላቷን ይበጥሳታል። ማጣበቂያው እስኪደርቅ ሳይተኮስ ማሳደርም ያስፈልጋል።

የብሎኑ ርዝመት ችላ አይባልም። አጭር ከሆነ ጥርስ አይነክስም። ረጅም ከሆነ ደግሞ ወደ ስላይዱ ውስጥ ያልፋል። በግሎክ ላይ በቀኝ በኩል ያለው ብሎን ከረዘመ የቀለሃ ማውጫውን የሚገፋውን ዘንግ ይነካና ያስረዋል። ሽጉጡ ቀለሃ መጣል ሲያቅተው ሰው ጥይቱን ይወቅሳል፣ ጥፋተኛው ግን ከላይ ያለው ብሎን ነው።

ከፍታና ዜሮ

ማነጣጠሪያው ከበርሜሉ በላይ ስለሆነ ቅርብ ርቀት ላይ ጥይቱ ከነጥቡ በታች ያርፋል። ሽጉጡ በ15 ሜትር ዜሮ ተደርጓል፣ ማለትም በዚያ ርቀት ጥይቱ ነጥቡ ባለበት እንዲያርፍ ተስተካክሏል እንበል። ነጥቡ ከበርሜሉ መሀል 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ በ3 ሜትር ላይ ጥይቱ 1.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል። ከፍታው 4 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 3.2 ይሆናል። ከቅርብ ያለች፣ ግማሿ በተከለከለ ዒላማ የተሸፈነች ካርቶን ላይ ይህ ልዩነት የውድድር ነጥብ ያስጥላል። ዝቅ ያለ አገጣጠም የሚወደደው በዚህ ምክንያት ነው። ማነጣጠሪያው ከፍ ብሎ የተገጠመለት ሰው ደግሞ በቅርብ ርቀት ምን ያህል እንደሚወርድበት ወረቀት ላይ ተኩሶ ማወቅ አለበት።

የባትሪው መግቢያም ከአገጣጠሙ ጋር ይያያዛል። አንዳንዱ፣ እንደ አርኤምአር ያለው፣ ባትሪው ከሆዱ በታች ነው የሚገባው። ባትሪ ለመቀየር ማነጣጠሪያው ከሽጉጡ ይወርዳል፣ ብሎኖቹ እንደገና ይጸዳሉ፣ ይጠበቃሉ፣ ዜሮውም እንደገና ይፈተሻል። እንደ ኤስአርኦ ከላይ ወይም እንደ 507ሲ ከጎን የሚከፈት ከሆነ ሽጉጡ ሳይነካ ባትሪው ይቀየራል። ከታች የሚገባውን የያዘ ተወዳዳሪ ባትሪውን ከውድድሩ ቢያንስ አንድ የልምምድ ቀን አስቀድሞ ይቀይር፣ በብሎኑና በማነጣጠሪያው ላይም በቀለም ቀጭን መስመር ያስምር። መስመሩ ከተዛነፈ ብሎኑ ዞሯል ማለት ነውና ከመተኮሱ በፊት ይጠበቅ።