«ቀድሞ የወጣን ጆሮ ኋላ የመጣ ቀንድ በለጠው»

ተረቱ ከከብት የተወሰደ ነው። ጥጃ ሲወለድ ጆሮ አለው፣ ቀንድ ግን የለውም። የቀንዱ ቡቃያ መጀመሪያ የሚታወቀው በጣት ሲዳሰስ ነው። ጆሮው ከልኩ አያልፍም፤ ቀንዱ ግን ማደጉን ይቀጥላል። ታናሽ ታላቁን፣ ተማሪ መምህሩን ሲያልፍ ይተረታል። አድናቆት ይሁን ቅሬታ የሚለየው ከተናጋሪው ድምፅ ነው።

ስለ አገሮች የኢኮኖሚ መቀራረብ፣ ማለትም ድሃው አገር በገቢ ሀብታሙን እየደረሰበት ስለመሄዱ፣ ሲወራ ይህን ያህል የሚገጥም ተረት አይገኝም። የኢኮኖሚ ሊቁ ሮበርት ሶሎው እ.ኤ.አ. በ1956 እንዳሳየው፣ ካፒታል በተደራረበ ቁጥር እያንዳንዱ ተጨማሪ ማሽን የሚያስገኘው ምርት እየቀነሰ ይሄዳል። ማሽን ብርቅ በሆነበት አገር ግን ያው ማሽን ብዙ ይጨምራል። በዚያ ላይ ሌላው ደክሞ የፈለሰፈውን መቅዳት ከመፈልሰፍ ይረክሳል፤ ስለዚህ ኋላ የመጣው አገር ፈጥኖ ማደግ ይችላል።

ችግሩ ያለው ጊዜው ላይ ነው። የአንዱ አገር የነፍስ ወከፍ ገቢ 40,000፣ የሌላው 10,000 ይሁን፤ ሀብታሙ በዓመት 2 በመቶ፣ ድሃው 4 በመቶ ይደግ። በመጀመሪያው ዓመት ሀብታሙ 800 ሲጨምር ድሃው የሚጨምረው 400 ነው። በእጥፍ ፍጥነት እየሮጠም ልዩነቱ ከ30,000 ወደ 30,400 ሰፋ! ይህ መስፋት 36 ዓመት ገደማ ይዘልቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው መጥበብ የሚጀምረው። እኩል የሚሆኑት በ71ኛው ዓመት አካባቢ ነው። ስለዚህ መቀራረብን የሚለካ ሰው ልዩነቱን በገንዘብ ሳይሆን በጥምርታ ይይ፦ 25 በመቶ የነበረው ስንት በመቶ ደረሰ?

ሌላው ስህተት ቀንድ ያበቀሉትን ብቻ ሰብስቦ መለካት ነው። ሌላው የኢኮኖሚ ሊቅ ዊልያም ባውሞል እ.ኤ.አ. በ1986 የ16 አገሮችን መረጃ ከ1870 ጀምሮ አይቶ ጠንካራ መቀራረብ አገኘ። ከሁለት ዓመት በኋላ የሙያ ባልደረባው ብራድፎርድ ደ ሎንግ ነገሩን ገለጠው፦ አገሮቹ የተመረጡት መጨረሻ ላይ ሀብታም ስለሆኑ ነበር። በ1870 ተስፋ ይጣልባቸው የነበሩትን፣ ለምሳሌ አርጀንቲናን፣ ጨምሮ ጃፓንን ሲያወጣ መቀራረቡ ከሞላ ጎደል ጠፋ። ትምህርት፣ የሕግ ዋስትናና ክፍት ገበያ የሚጋሩ አገሮች እርስ በርስ ይቀራረባሉ፤ የማይጋራቸው ድሃ ስለሆነ ብቻ አይደርስባቸውም። ተረቱ ይህን አይነግረንም፤ በከብት ዓለም ቀንድ በራሱ ጊዜ ይበቅላል።

ቀንዱ እውነተኛ መሆኑንም ማየት ያሻል። የአየርላንድ ኢኮኖሚ እ.ኤ.አ. በ2015 በ26 በመቶ አደገ ተብሎ መጀመሪያ ሲነገር፣ ከጀርባው የነበረው በዋናነት የዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) እና መሰል ንብረታቸውን በወረቀት ወደዚያ ማዛወራቸው ነው። አገሪቱ ራሷ በ2017 ይህን የሚቀንስ ሌላ የገቢ መለኪያ ማውጣት ጀመረች። ደቡብ ኮሪያ ደግሞ በነፍስ ወከፍ ገቢ ቀደምቶቹ ዘንድ ብትደርስም ሠራተኛዋ ከጀርመኑ በዓመት ብዙ መቶ ሰዓት ይበልጥ ይሠራል። ምርቱ ለሥራ ሰዓት ሲካፈል ርቀቱ እንደገና ብቅ ይላል።

ተረቱ «በለጠው» ብሎ በኃላፊ ጊዜ መዝጋቱም አለምክንያት አይደለም፤ ያለቀ ነገር ነው የሚናገረው። ገና በመንገድ ላይ ላለ አገር ከተተረተ «ሊበልጠው ነው» ማለት ይበቃል።