የፑዌብላ የተማሪ ማዕድ

ፑዌብላ ከሜክሲኮ ሲቲ በስተ ደቡብ ምሥራቅ የምትገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1531 የተቆረቆረች ከተማ ናት። ቡአፕ በሚል ምህጻር የሚታወቀው ትልቁ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዋ ሥሩ ከኢየሱሳውያን ኮሌጅ ይመዘዛል፤ በዩኒቨርሲቲነት የቆመው ግን በ1937 ነው። ከተማዋን ያስጠራት ሞሌ ፖብላኖ የተባለው ከበርበሬና ከቸኮሌት የሚሠራ ወፍራም ስጎ ቢሆንም፣ ተማሪውን ከቀን ወደ ቀን የሚያኖረው የጉሊትና የገበያ ምግብ ነው። በዚህ ከተማ በርካሽ መብላት የሚፈልግ ሰዓቱን ይወቅ።

ጠዋት መንገድ ዳር ታማል ይሸጣል፤ በበቆሎ ልባስ ተጠቅልሎ በእንፋሎት የበሰለ ሊጥ ነው። አብሮት አቶሌ የሚባል የበቆሎ አጥሚት ይጠጣል። ታማሉን ዳቦ ውስጥ ከትተው የሚበሉም አሉ። ሊጥ በዳቦ መሆኑ ለእንግዳ ቢያስቅም እስከ ምሳ ያቆያል። ገበያ ውስጥ ደግሞ ሜሜላ አለ፦ ሞላላ የበቆሎ ቂጣ ምጣድ ላይ ይጋገርና አደንጓሬ፣ ሳልሳ የሚባል ቀይ ወይም አረንጓዴ የቃሪያ ማባያ፣ አይብ ይደረግበታል።

ዋናው ምግብ ምሳ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት ገደማ ፎንዳ የሚባሉት ትንንሽ ምግብ ቤቶች ኮሚዳ ኮሪዳ ያቀርባሉ። በአንድ ዋጋ መጀመሪያ ሾርባ፣ ቀጥሎ ሩዝ ወይም ፓስታ፣ ከዚያም ደንበኛው ከዕለቱ ወጦች የመረጠው ይመጣል፤ ቶርቲያ የሚባለው ስስ የበቆሎ ቂጣና የፍራፍሬ ውሃ አብሮ ነው። ዘግይቶ የመጣ የተረፈውን ይበላል። ለተማሪ ከዚህ የተሻለ ውል ያለ አይመስለኝም።

ሴሚታ ሰሊጥ በተነሰነሰበት ዳቦ የሚሠራ ግዙፍ ሳንድዊች ነው። ኤል ካርመን ገበያ በዚህ ይታወቃል። የተጠበሰ ስስ ሥጋ፣ እንደ ክር የተተለተለ አይብ፣ አቮካዶና ቃሪያ ይገባበታል፤ ጣዕሙን የሚለየው ግን ፓፓሎ የተባለው ሽታው የሚበረታ ቅጠል ነው። ትንሽ ለሚበላ ሰው ግማሹ ይበቃል።

ሲመሽ በስንዴ ቂጣ የተጠቀለለ ሥጋ የሆነው የታኮ አራቤ ተራ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጡ ስደተኞች ሻዋርማን ይዘው ገቡ፤ በጉ በአሳማ ተተካ፣ የስንዴ ቂጣው ግን ሳይለወጥ ቆየ። በስብ የሚጠበሱት ቻሉፓ (ሳልሳና ሥጋ የሚደረግበት ትንሽ ቶርቲያ) እና ሞሎቴም (ውስጡ የተሞላ የበቆሎ ሊጥ) የዚሁ ሰዓት ናቸው። በሐምሌና በመስከረም መካከል የሚወጣው፣ በዋልነት ስጎና በሮማን ፍሬ የሚያጌጠው ቺሌ ኤን ኖጋዳ የተባለው የተሞላ ቃሪያ ግን የተማሪ ኪስ አይደፍረውም።

አሳማ የማይበላ ወይም የሚጾም ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል፦ ሥጋ የሌለበት የሚመስለው አደንጓሬና ሜሜላ እንኳ ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ይሠራል። «ሲን ማንቴካ»፣ ማለትም ያለ ስብ፣ ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። አስተማማኙ ከቶርቲያ መጋገሪያ ቤት ትኩስ ቶርቲያ በኪሎ፣ ከገበያ አቮካዶና ቲማቲም ገዝቶ ቤት መብላት ነው፤ ዋጋውም ከሁሉ ያንሳል።